ነፍሰ ጡር አሳ ትብላ ወይስ አትብላ?

ስለ አሳና ስለ ሜርኩሪ ማንበብ የጀመረ ሰው ሁለት የደሴት አገሮች ላይ ሳይደርስ አይቀርም። አንደኛው ፋሮ ነው፤ በአይስላንድና በኖርዌይ መካከል ያለ፣ በዴንማርክ ሥር ሆኖ ራሱን የሚያስተዳድር ብርዳምና ነፋሻማ ምድር። ሁለተኛው ሲሼልስ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ራቅ ብሎ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተነ ሞቃት አገር። ሁለቱም ዘንድ ሕዝቡ ከባሕር ነው የሚበላው። ሁለቱም ዘንድ ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ሄዱ። እናት በእርግዝናዋ ወቅት ከምግብ የምታገኘው ሜርኩሪ የልጇን አእምሮ ይጎዳል? ከፋሮ የመጣው መልስ «አዎ» ነበር። ከሲሼልስ የመጣው «እኛ አላየንም» የሚል።

ሁለቱም ቡድኖች ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ከማኅፀን ጀምረው ለዓመታት ተከታትለዋል። ታዲያ ማንን እንመን?

ወደዚህ ጉዳይ የጎተተችኝ ታናሽ እህቴ ናት። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ስታረግዝ አንዷ ጓደኛዋ «አሳ እንዳትነኪ፣ ሜርኩሪ አለው» አለቻት። ከዚያ ቲክቶክ ጨመረበት። ክትትል የምታደርግበት ክሊኒክ ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ያለው ወረቀት ሰጥቷት ነበር። ወረቀቱ እንዲያውም አሳ ብዪ ነው የሚለው። ግን ማን ያነበዋል? ቱናውንም ሳልሞኑንም ሰርዲኑንም ጠቅልላ ተወችው። እህቴ በጾም አሳ ከሚበሉት ወገን ናት። (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልነካውም፤ ያለኝ ጠብ ይበቃኛል።) ስለዚህ ጾሙ ሲገባ ሰሃኗ ላይ ሽሮና ጎመን ቀሩ። እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማንበብ ጀመርኩ።

ሜርኩሪ የድሮ ሰው ባዜቃ የሚለው፣ በቴርሞሜትር ውስጥ የምናውቀው ብርማ ፈሳሽ ነው። ከድንጋይ ከሰል ማቃጠያዎች፣ ከወርቅ ማውጫዎች፣ ከእሳተ ገሞራም ጭምር ወደ አየር ይወጣል። ከዝናብ ጋር ወደ ውሃ ይወርዳል። ውሃ ሥር ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ክፉው ይሄኛው ነው። ደቃቅ ፍጥረታት ይወስዱታል፣ እነሱን ትንሽ አሳ ይበላቸዋል፣ ትንሹን ትልቁ ይውጠዋል። በየደረጃው እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ሰርዲን ውስጥ እዚህ ግባ የማይባለው ነገር ሻርክ ጋ ሲደርስ ብዙ ሆኗል። መቀቀልም መጥበስም አያስወጣውም፤ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተጣብቋል። እናት ስትበላው አንጀቷ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይቀበለዋል። በእንግዴ ልጁ በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል። በእትብት ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን እንዲያውም ከእናቲቱ ደም ይበልጣል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ዓለም የተማረው በሚናማታ ሕፃናት ነው። ሚናማታ በደቡብ ጃፓን ያለች የአሳ አጥማጆች ከተማ ናት። ቺሶ የሚባል የኬሚካል ኩባንያ ከ1932 እስከ 1968 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። መጀመሪያ ድመቶች አበዱ፤ እየተንቀጠቀጡና እየተሽከረከሩ ባሕር ውስጥ ይወድቁ ጀመር። ቀጥሎ ሰው። በ1956 በሽታው በይፋ ሪፖርት ተደረገ። የፋብሪካው የራሱ ሐኪም ሀጂሜ ሆሶካዋ በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ለድመት አበላና ያንኑ በሽታ አየ። ኩባንያው ውጤቱን አፈነው። መንግሥት ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ብሎ ያመነው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የእናቶቹ ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች እንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ እዚያ ከተማ እጅ እግራቸው የተጣመመ፣ መናገርና በወጉ መዋጥ የማይችሉ ሕፃናት ሲወለዱ «ሲወለዱ የገጠማቸው የአንጎል ጉዳት ነው» ተብሎ ታለፈ። ብዙዎቹ እናቶች ራሳቸው ደህና ይመስሉ ነበር፤ ቢበዛ ጣታቸውን ይደነዝዛቸዋል። ማሳዙሚ ሃራዳ የሚባል ወጣት ሐኪም ግን ቤት ለቤት እየሄደ እናቶቹን ሰማ። እናቶቹ መርዙን ልጁ ከእነሱ ላይ እንደወሰደው ይናገሩ ነበር። በሳይንሱም ያሉት ትክክል ሆነ። በ1962 በሽታው ገና በማኅፀን የጀመረ መሆኑ ታወቀ። ጃፓኖች ደግሞ የልጃቸውን እትብት አድርቀው በትንሽ ሣጥን የማስቀመጥ ልማድ አላቸው። በኋላ እነዚያ እትብቶች ከየቤቱ ተሰብስበው ሲመረመሩ ሜቲል ሜርኩሪው እዚያው ተገኘ። ኩባንያ ማስረጃ ሲደብቅ እናቶች ሳያውቁት ማስረጃውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውት ኖሯል።

ሁለተኛው ትልቅ አደጋ ኢራቅ ላይ ደረሰ። ከ1971 ወደ 1972 በሚሻገርበት ጊዜ ነው። ለዘር ተብሎ ከውጭ የገባ፣ እንዳይሻግት በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ እህል ገበሬዎች ዳቦ ጋገሩበት። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በማያነቡት ቋንቋ ነበር። ከ6,500 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። 459 ሰዎች እዚያው ሆስፒታል ሞቱ። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ከእነሱ መካከል ቶማስ ክላርክሰን፣ ከኢራቅ ሐኪሞች ጋር ሆኖ እናቶችንና ሕፃናትን አጠና። የለኩት ፀጉር ነበር። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ረጅም ፀጉር ያላት እናት በየትኛው የእርግዝና ወር ምን ያህል ሜርኩሪ ሰውነቷ ውስጥ እንደነበር ከፀጉሯ ይነበባል።

እዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ብዙ ሜርኩሪ የፅንስን አንጎል ያበላሻል። ጥያቄው ትንሹ ነው። ፋብሪካ ያልተፋበት፣ መርዝ ያልታሸበት፣ እንዲሁ የተለመደ የባሕር ምግብ የምትበላ እናትስ? የደሴቶቹ ጥናቶች የመጡት እዚህ ጋ ነው።

ፋሮ ላይ ሥራውን የመሩት ዴንማርካዊው ፊሊፕ ግራንዣንና የአገሩ ተወላጅ ሐኪም ፓል ቫይሄ ናቸው። በ1986 እና በ1987 የተወለዱ 1,022 ሕፃናትን መዘገቡ። ሲወለዱ የእትብታቸውን ደም፣ የእናታቸውን ፀጉር ወሰዱ። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ከ900 በላይ የሚሆኑትን አስቀምጠው በዝርዝር ፈተኗቸው። የሥዕሎችን ስም መጥራት፣ ትኩረት፣ ማስታወስ፣ የጣት ፍጥነት። በ1997 ያወጡት ውጤት በእትብት ደም ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በጨመረ ቁጥር ልጆቹ በቋንቋ፣ በትኩረትና በማስታወስ ዝቅ እንደሚሉ ያሳያል። ጉዳቱ በሐኪም ቤት የሚታይ ሕመም አይደለም። ሜርኩሪው እጥፍ በሆነ ቁጥር አንድ ሁለት ወር ያህል ወደ ኋላ እንደመቅረት ነው።

ሲሼልስ ላይ ደግሞ ሮቸስተሮች ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር ጋር ገቡ። ቦታውን የመረጡት በምክንያት ነው። የአገሩ ሰው በየቀኑ አሳ ይበላል፤ እርጉዞቹ በሳምንት በአማካይ 12 ጊዜ ይበሉ ነበር። አሳው ግን አሜሪካ ገበያ ላይ ካለው የበለጠ ሜርኩሪ የለውም። ስለዚህ አሜሪካዊት ላይ የሚደርስ ጉዳት ካለ፣ እዚያ በጉልህ መታየት አለበት አሉ። 779 እናትና ልጆችን መዘገቡ። የእናቶቹ ፀጉር ሲለካ ወደ 7 ፒፒኤም (በአንድ ግራም ፀጉር 7 ማይክሮግራም ሜርኩሪ) ወጣ፤ ከፋሮዎቹ እንኳ የሚበልጥ ነው። ጌሪ ማየርስና ባልደረቦቹ ልጆቹ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ያገኙትን በ2003 ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡ። በ21 መለኪያዎች ፈትነው ከሜርኩሪው ጋር የተያያዙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ወደ መጥፎ፣ አንዱ ወደ ጥሩ። ጎጂ ነው የሚያሰኝ አይደለም ብለው ደመደሙ። ቀደም ብለው በለኩባቸው ጊዜያት እንዲያውም በአንዳንዱ ፈተና ብዙ ሜርኩሪ የነበራቸው ልጆች ተሽለው ተገኝተዋል።

ይሄን ሳነብ «እንዴ!» ብያለሁ። ሜርኩሪ ጎበዝ ያደርጋል ማለት ነው? አይደለም። ብዙ ሜርኩሪ ያላት እናት ብዙ አሳ የበላች እናት ናት። አሳው ውስጥ ደግሞ የልጅ አንጎል የሚሠራበት ኦሜጋ 3 አለ፣ አዮዲን አለ፣ ሴሌኒየም አለ፣ ጥሩ ፕሮቲን አለ። የሚጎዳውና የሚጠቅመው አብረው ይገባሉ። ሁለት ሰው አንድ ሚዛን ላይ አቁሞ የአንዱን ክብደት ለማወቅ እንደመሞከር ነው።

የሁለቱ ደሴቶች ልዩነት ለእኔ ግልጽ መሆን የጀመረውም በዚህ በኩል ነው። ፋሮዎች ሜርኩሪውን በዋናነት የሚያገኙት ከአሳ አይደለም። ፓይለት ዌል ከሚሉት የአሳ ነባሪ ዓይነት ሥጋ ነው። አሳ ነባሪው ወደ ጠረፍ ሲነዳ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ያርደዋል፣ ሥጋው በነፃ ይከፋፈላል። ሜርኩሪው ከተራ አሳ እጅግ ይበልጣል። ስቡ ውስጥ ደግሞ ፒሲቢ የሚባሉ ሌሎች መርዞች አሉ። አንድ ሰሞን በብዛት ተበልቶ ሌላ ጊዜ ይቀራል። ሲሼልሶች ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው የሚያገኙት፤ ያውም ከነጥቅሙ። ፈተናዎቹም አንድ ዓይነት አልነበሩም፣ ልጆቹ የተፈተኑበት ዕድሜም ሁልጊዜ አልገጠመም። አንዱ ቡድን በዋናነት የእትብት ደምን፣ ሌላው የእናት ፀጉርን መለኪያ አደረገ። ፒሲቢው ነው ጥፋተኛው ያሉም ነበሩ። ፋሮዎቹ ያንን በስሌት ለይተው ሲያዩት የሜርኩሪው ጉዳት አልጠፋም። እንዲያውም የአሳን ጥቅም ስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡ የሜርኩሪው ጉዳት ባሰ። ይሄ በጣም የሚያሳምን ነው። ጥቅሙ ጉዳቱን ሸፍኖት ነበር ማለት ነው።

በ2000 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ነገሩን መርምሮ የመንግሥት ገደብ በፋሮ ውጤት ላይ ይቁም አለ። ከኒውዚላንድ የመጣ ሦስተኛ ጥናትም ጉዳት አሳይቶ ነበርና ሲሼልስ ብቻዋን ቀረች። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ገደብ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ማይክሮግራም ነው። ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው ያልገባው ነገር አለው። ጉዳት የሚጀምርበት መስመር አይደለም። ጥናቱ ላይ ከታየው መጠን ለጥንቃቄ በአሥር ተካፍሎ የተገኘ ነው። ገደቡን ትንሽ ያለፈች እናት ልጇን ጎዳች ማለት አይደለም።

ከዚያ የመጣው ለእኔ የዚህ ታሪክ አሳዛኝ ክፍል ነው። በ2001 የአሜሪካ መንግሥት ለነፍሰ ጡሮች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሻርክ፣ ሰይፍ አሳ፣ ትልቁን ማኬሬልና ታይልፊሽ አትብሉ፤ ሌላውን በሳምንት እስከ 340 ግራም ብሉ የሚል ነው። ሲነበብ ምክንያታዊ ነው። ሰው የሰማው ግን «አሳ፣ ሜርኩሪ፣ እርግዝና» የሚሉትን ቃላት ብቻ ነው። በማሳቹሴትስ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ጥናት ማስጠንቀቂያው እንደወጣ የአሳ ፍጆታቸው መቀነሱን አሳየ። እህቴ ከሃያ ዓመት በኋላ ያደረገችው ያንኑ ነው።

በ2007 ደግሞ ጆሴፍ ሂቤልንና ባልደረቦቹ ከእንግሊዝ፣ ከብሪስቶል አካባቢ ውጤት ይዘው መጡ። 11,875 ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። በሳምንት ከ340 ግራም በታች የባሕር ምግብ የበሉት እናቶች ልጆች፣ ከዚያ በላይ ከበሉት ልጆች ይልቅ በቋንቋ የማሰብ ችሎታ ፈተና ዝቅተኛው ሩብ ውስጥ የመውደቅ ዕድላቸው የበለጠ ነበር። ልብ በሉ፣ 340 ግራም አሜሪካኖች «ከዚህ አትለፉ» ያሉት ልክ ነው። እርግጥ አሳ የምትበላ እንግሊዛዊት የተማረች፣ ኑሮዋም የተሻለ ልትሆን ትችላለች። ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ሞክረዋል፤ ግን ስሌት ሁሉንም አይዝም። በዚህች ጥናት ብቻ ተነስቶ «ሜርኩሪ ተረት ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

እኔን ያስታረቀኝ የቦስተኑ የኤሚሊ ኦከን ሥራ ነው። በ2005 የወጣ ትንሽ ጥናት ነው። ሁለቱን ለየብቻ ለካቻቸው። እናት አሳ በበላች ቁጥር ሕፃኑ በስድስት ወሩ የማየትና የመለየት ፈተና ላይ ይሻላል። የእናት ፀጉር ሜርኩሪ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይወርዳል። የተሻለ ውጤት ያገኙት ብዙ አሳ የበሉ፣ ግን ሜርኩሪያቸው ያነሰ እናቶች ልጆች ናቸው። ይሄ እንዴት ይሆናል? አሳውን መርጦ በመብላት ነዋ።

ስለዚህ የፋሮና የሲሼልስ ክርክር እንደ እግር ኳስ ቡድን የሚደገፍ አይመስለኝም። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ጉዳቱ አለ፣ ግን በተራ የአሳ ተመጋቢ ላይ ትንሽ ነው። በ2007 የፋሮን፣ የሲሼልስንና የኒውዚላንድን ውጤት አንድ ላይ የቀመሩ ተመራማሪዎች፣ በእናት ፀጉር ላይ ለጨመረ ለእያንዳንዱ ፒፒኤም የልጁ አይኪው በ0.18 ነጥብ እንደሚወርድ ገምተዋል። ለአንድ ልጅ ማንም አያየውም። ለአንድ አገር ልጆች ሁሉ ሲደመር ግን የከሰል ጭስ ማውጫዎችን አጣሩ ለማለት በቂ ነው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሰው እያቀላቀለ ይጣላባቸዋል። መንግሥትን የምንጠይቀውና እህቴን የምንመክራት አንድ መሆን የለበትም።

ለእህቴ ወረቀትና ብዕር ይዤ ሒሳቡን ሠራሁላት። ሙያዬ ሒሳብ ነውና አይጨንቀኝም። ክብደቷ 60 ኪሎ ነው እንበል። 0.1 በ60፣ በሰባት ቀን፤ በሳምንት 42 ማይክሮግራም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት የለካው አማካይ ደግሞ አለ። ነጩ አልባኮር ቱና በግራም 0.35 ማይክሮግራም አለው፤ ስለዚህ 120 ግራም ስትበላ የሳምንቷ አለቀ። ላይት የሚባለው የቆርቆሮ ቱና 0.126 ነው፤ ከ330 ግራም ጥቂት ያልፋል። ሰይፍ አሳ ወደ 1 ስለሚጠጋ 42 ግራም፣ አንድ ጉርሻ በሉት። ሳልሞን 0.022 ነው። ወደ 2 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው! ሰርዲንና ቲላፒያ 0.013። ከሦስት ኪሎ በላይ ሰርዲን በሳምንት የሚበላ ሰው ካለ ችግሩ ሜርኩሪ አይደለም።

እህቴ ወረቀቱን አየችና «ታዲያ ይሄን ያህል ልዩነት ካለው ለምን በአንድ ስም ይጠሩታል?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2017 የወጣው አዲሱ የመንግሥት ምክር ያንን ለማስተካከል ነው አሳዎቹን በምድብ የከፈለው፤ የሚመረጡ፣ ደህና የሆኑ፣ የሚቀሩ። ከሚመረጡት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብሉ ይላል። ላይት ቱና ከሚመረጡት፣ አልባኮር ከሁለተኛው ምድብ ነው። ክሊኒኩ የሰጣት ወረቀት ይሄው ነበር። ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ ለመጉደል ሳምንታት ሳይሆን ወራት ስለሚፈጅበት ምክሩ ለማርገዝ ላሰቡትም ጭምር ነው። በነገራችን ላይ ፋሮዎችም ከራሳቸው ጥናት ሸሽተው አልቀሩም። በ1998 እርጉዞች የአሳ ነባሪውን ሥጋ እንዳይበሉ ተመከሩ። በ2008 ቫይሄና የአገሩ ዋና ሐኪም ጭራሽ ለሰው ምግብነት አይሆንም አሉ። ከዚያ ሥጋ ጋር ያደገ ሰው ይሄን ለወገኑ መናገር ቀላል አይደለም።

እህቴ አሁን ሰርዲን በሚጥሚጣና በሎሚ ትበላለች። ቱና ስትገዛ ላይት የሚለውን አይታ ነው።

የቀረችው እናቴ ናት። ሀዋሳ ነው የምትኖረው። ነገሩን በስልክ ስነግራት ተቆጣች። «አሞራ ገደል አሳ እየበላሁ አይደል እንዴ አንተን የወለድኩህ? ምን ጎደለህ?» አለችኝ። (ጥሬውን በዳጣ መብላቷ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ለነፍሰ ጡር በሜርኩሪም ባይሆን በጀርም አይመከርም።) ግን የእሷ ሐይቅም ተጠንቷል። ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቹ በ2006 እና በ2007 ባወጧቸው ጥናቶች የሀዋሳን አሳዎች ሜርኩሪ ለክተዋል። ቆሮሶ አትክልት ነገር ስለሚበላ ሜርኩሪው ጥቂት ነው። አምባዛ ሌላ አሳ እየበላም ከተጠበቀው በታች ሆነ። ከፍ ያለው ቢልጫ ላይ ነው፤ እያደገ ሲሄድ ሌሎች አሳዎችን መብላት ስለሚጀምር። ሐይቁ ዳር ቺሶን የመሰለ ፋብሪካ ሳይኖር ማለት ነው።

«ስለዚህ እማዬ፣ ቆሮሶውን ብዪ፣ ትልልቁን ቢልጫ ለነፍሰ ጡር አትስጪ» አልኳት።

«ቢልጫ ደግሞ ማን ይበላዋል» አለች። «እሾሁ ብቻ አይደል እንዴ!»